የእንግዳው ግራ እግር

የሺሀረግ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ አብነት ሰፈር ስትከንፍ ያያት ሰው ቤቷ የሚቃጠል ይመስለው ነበር። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ጭቃውን ይጠርጋል። ሰማኒያ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት እንዲህ አትሮጥም፤ እሷ ግን ሮጠች። ግራና ቀኝ የምታውቀው አጥር የለም፤ ግቢው ሁሉ የድንጋይና የጭቃ ክምር ሆኗል። ከክምሩ መሐል ግማሽ ግድግዳ ብቻውን ቆሞ፣ የተሰቀለበት የቀን መቁጠሪያ በነፋስ ይገላበጣል።

«እማማ የሺ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ይሰበራሉ!» አላት ቆርቆሮ የተሸከመ ጎረምሳ።

«ብሰበር የሚጠግነኝ ሌላ ሰው አለ? እኔው ነኝ። ዞር በል ከመንገዴ!»

እውነቷን ነው። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር እስከ ተክለ ሃይማኖት ወጌሻ ሲባል እሷ ነች። ጆንያ ተሸክሞ የወደቀ፣ ኳስ ሲያሳድድ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ከታክሲ ሲወርድ ክንዱ የወለቀ ሁሉ በእጇ አልፏል። ፊደል አልቆጠረችም፤ አለመቁጠሯንም አትደብቅም። «አጥንት ላይ ጽሕፈት የለም፤ ቢኖር ኖሮ እማር ነበር» ትላለች፣ አፏን ሞልታ።

ዛሬ የምትሮጠው ግን ለሕያው ሰው አጥንት አይደለም።

ሰፈሩ ለልማት ተነሥቷል። የአባቷ የባሻ ጂራታ ቤት ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ይፈርሳል። እሷም የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ከተቀበለች ሰንብታለች፤ አልጋዋ ሄዷል፣ ቁም ሳጥኗ ሄዷል። ያልሄደው እንግዳው ብቻ ነው። እስካቫተሩ የጎረቤቷን የሰሚራን ሱቅ ጨርሶ አጥሯ ሥር ቆሟል፤ ሠራተኞቹን «ሻይ ጠጡና ተመለሱ፣ የሚወጣ ሰው አለኝ» ብላ ለምና ነው ወደ ቄሱ የሮጠችው። ሰው ማለቷ አልከበዳትም። እንግዳውስ ሰው አይደል?

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከኦስትሪያ አንድ ሐኪም መጣ። ሐኪም ቬንዜል ይባላል። አገሬው ግን ኦስትሪያን ከየት ያውቃታል? «የጀርመኑ ሐኪም» አለው፣ በዚያው ቀረ። በበቅሎ ተጭነው ከመጡት ሣጥኖቹ በአንደኛው ውስጥ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት የተሟላ፣ በሽቦ የተያያዘ የሰው አጽም ነበረ። አብነት ላይ ጭቃ ቤት ሠርቶ፣ ከውስጠኛው ክፍል ወራጅ ላይ መንጠቆ መትቶ ሰቀለው። የበቅሎው ጠባቂ ጂራታ መጀመሪያ ሲያየው ጮኾ ሸሸ። በኋላ ግን ሐኪሙ ዓይኑን በነጠላ እያሰረ፣ እጁን በአጥንቱ ላይ እየመራ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጠም አስተማረው። ሕመምተኛ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጥፍርን ማሳጠር፣ ጀሶ በጥብጦ ማሰር፣ ሁሉንም ከእሱ ተማረ። የታመመው ሰው ሲጮኽ ሐኪሙ «ሩሂግ፣ ሩሂግ» ይል ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ «ረጋ በል» ማለቱ ነው። ጂራታ ቃሏን አሳጥሮ «ሩሂ» አላት። ዛሬ በአብነት መንደር ልጇ ወድቆ የሚያለቅስባት እናት ሁሉ «ሩሂ፣ ሩሂ» ትላለች፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ጂራታ ሲያረጅ የሚያስቀው አንድ ወሬ ነበረው። «ሐኪሙ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ‹አንተ በቅሎ ጠባቂ! አጥንት እስክሆን ድረስ አስተምርሃለሁ!› ይለኝ ነበር» ይልና እስኪያስለው ይስቃል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጃንሆይ በወጡ ማግስት አዲስ አበባ ተዘረፈች፤ የሐኪሙም ቤት ተሰበረ። ሐኪሙ፣ እንደ ጂራታ አነጋገር፣ በለገሃር ባቡር ተሳፍሮ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም ወደ አገሩ ሄደ። ጂራታ እዚያው ቤት ቀረ፤ ነጻነት ሲመለስ ባሻ ተባለ፣ አገባ፣ የሺሀረግን ወለደ። እሷ ነፍስ ስታውቅ አጽሙ እዚያው መንጠቆ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቤተሰቡ እንግዳው ይለዋል። ጠዋት «እንደምን አደሩ» ይባላል፣ ማታ «ደኅና ይደሩ» ይባላል፤ በአንቱታ። የሺሀረግም በነጠላ ዓይኗን ታስራ በእሱ ላይ ተማረች።

ሐኪሙን ግን ይቅር አላለችውም። አባቷ ሞቱ እስኪደርስ የሐኪሙን ከዘራ ከግድግዳ ላይ አላወረደም፤ ሰውየው ግን አንዲት ሰላምታ እንኳ አልላከም። «ፍቅሩ ለገሃር ሲደርስ አለቀች» ትላለች የሺሀረግ፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር። «የኛ ሙያ የኛ ነው። ፈረንጅ አልሰጠንም።»

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበረ። የእንግዳው ግራ እግር ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጠፍር ተጠቅልሏል፤ ማንም አይነካውም። «በቀኙ ተማሪ፣ የግራውን ተዪው» ብሏት ነበር አባቷ። ለምን ስትለው ፊቱን አዞረ። እንግዳውን ከጢስና ከአቧራ ለማጽዳት ባወረደው ቁጥር ደግሞ አንዲት የጣት አጥንት ሳትቀር ይፈትሻል። «አንዷ ብትጎድል ፍለጋ ይነሣል» ይላል፣ ሳይስቅ።

ቄስ በድሉ የነገሯት ይኸው በጆሮዋ ይጮኻል። የነፍስ አባቷ ናቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው፤ እሷን የሚፈሩ ግን አይደሉም።

«እማማ የሺሀረግ፣ ሙት ሲፈታ በስሙ ነው የሚፈታው። ይህ ሰው ስሙ ማን ነው?»

«እንግዳው።»

«እሱ ስም አይደለም። ዘመዱስ?»

«የለውም።»

«እንግዲያውስ ስምና ዘመድ ያምጡልኝ። ደብሩ ውስጥ ባለቤቱ የማይታወቅ አጥንት ባስገባ ነገ ፖሊስ ማንን ነው የሚጠይቀው? እርስዎን ነው።»

ወደ ፎቅ ልትወስደው አትችልም፤ ጎረቤት አጽም ያየ ለት ሰፈሩን ይጠራባታል። ትታው ከሄደች እስካቫተሩ ከጭቃና ከቆርቆሮ ጋር አፍሶ ጭኖ ወደ ቆሻሻ መድፊያ ይወስደዋል። ዕድሜዋን ሙሉ «እንደምን አደሩ» ያለችውን።

ግቢዋ ስትደርስ የወንድሟ ልጅ ዋቅሹማና ሰሚራ ከበር ውጪ ቆመዋል። ዋቅሹማ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ መኪናውን አምጥቶ፣ የኋላ መቀመጫውን አንሥቶ ጠብቋታል። ሣጥኑን አምጣ ብላው ነበር፤ ሣጥኑ ደጃፍ ላይ ነው፣ እሱም ደጃፍ ላይ ነው።

«ምን ቆመሃል? ግባና አውርድልኝ እንጂ!»

«አክስቴ፣ እኔ አልገባም።»

«ለምን?»

ሰሚራ ሻሿን አገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ በሌላ ጊዜ የሳቅ አገር የሆነችው ሴት ፊቷ አመድ ለብሷል። «እማማ የሺ፣ ውስጥ ሰው አለ» አለች። «አንድ እግር ይረግጣል፣ አንድ እግር ይጎትታል፣ ከዚያ ዱላ ይመታል። ቢስሚላሂ! ዋቅሹማ በመስኮት አይቷል፤ ማንም የለም።»

«አይጥ ነው።»

«አይጥ ከዘራ ይዞ ይሄዳል?»

«ነፋስ ነው፣ አክስቴ» አለ ዋቅሹማ። ይህን ሲል ግን እግሩን አላነሣም።

«አንተ ሌሊት ከካዛንቺስ ሰካራም ስትጭን የማትፈራ፣ ሥጋ የሌለው ሰው ፈራህ! ሥጋ ያለውን ነው መፍራት።» ሣጥኑን በጠርዙ ይዛ ጎተተችው፤ ብቻዋን ገባች።

ቤቱ ባዶ ነው። ባዶ ቤት ድምፅ ይበዛዋል፤ የራሷ ትንፋሽ ከግድግዳው ተመልሶ መጣባት። የቆርቆሮ ጣሪያው ከፊሉ ተነሥቷል፤ በቀዳዳው የገባው የከሰዓት ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። አቧራው ላይ የሰው ኮቴ ፈለገች። የለም።

የውስጠኛውን ክፍል በር ገፋች።

እንግዳው ተሰቅሏል፤ እንደ ወትሮው። ግን ጠዋት ትታው ስትወጣ ፊቱ ወደ መስኮቱ ነበር። አሁን ወደ በሩ ዞሯል፤ ወደ እሷ። ከዘራው ከተሰቀለበት ምስማር ወርዶ ከቀኝ እጁ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሽቦው አይወዛወዝም። ክፍሉ ውስጥ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም፤ ሊንቀሳቀስ ያሰበ ነገር ግን ያለ ይመስላል።

«እንደምን ዋሉ» አለች የሺሀረግ። የድምፅዋ መቅጠን ራሷን አናደዳት። «ቸኩለዋል መሰለኝ። እኔም ቸኩያለሁ።»

በርጩማ ላይ ወጣች፣ አቅፋ አወረደችው። የሰው አጥንት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እስኪያቅፉት ድረስ አይታወቅም። ሣጥኑ ሐኪሙ ይዞት የመጣው ነው፤ በጎኑ የፈረንጅ ጽሕፈት በትኩስ ብረት ተተኩሶበታል። የራስ ቅሉን አስገባች፣ ጀርባውን አጠፈች፣ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ አጠፈች። የግራው አልታጠፍ አለ። የደረቀው ጠፍር ጉልበቱን ጨምሮ እንደ እንጨት አድርቆታል፤ ክዳኑም አይገጥም።

ውጪ እስካቫተሩ ተነሣ። ሠራተኞቹ ተመልሰዋል። ቤቱ ሁሉ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ።

«አክስቴ! ውጪ! ሊጀምሩ ነው!» ጮኸ ዋቅሹማ።

«ቆይ በላቸው! ሰው አለ በላቸው!»

ጠፍሩን ለመፍታት ጫፉን ፈለገች። ጫፍ የለውም። ጣቷ ግን ቀድሟት አወቀ፤ ቋጠሮው ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ከውስጥ ተደብቋል። የአባቷ ቋጠሮ ነው። ባሻ ጂራታ ስንጥር ሲያስር እንዲህ ነበር የሚቋጥረው፣ እሷም የምትቋጥረው እንዲሁ ነው። ከባሕር ማዶ ታስሮ የመጣ እግር ላይ የአባቷ ቋጠሮ ምን ይሠራል? በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። ጠፍሩ እየተሰባበረ ወረደ።

ያኔ እንደተማረችው አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ከጉልበቱ ሥር አስቀምጣ ቅልጥሙን እያሻሸች ወረደች። መሐሉ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ።

ስብራት ነው። የዳነ ስብራት። አጥንቱ ተገናኝቶ ጠንክሯል፣ ግን ወደ ውስጥ ትንሽ ዘምሟል፤ ጀማሪ ያጋጠመው። ይህን ስብራት ታውቀዋለች። ዓይታው አታውቅም፣ ታሪኩን ግን ከጡት ጋር ነው የጠባችው።

ሐኪም ቬንዜል በገፈርሳ መንገድ ከበቅሎ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰበረ። ሌላ ሐኪም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ አብሮት የነበረው የበቅሎ ጠባቂ ብቻ ነው። ሐኪሙ አፈር ላይ ተጋድሞ ላቡ እየወረደ «ሳብ፣ አዙር፣ ልቀቅ» እያለ አዘዘው፤ ጂራታ እያለቀሰ ጠገነ። የሕይወቱ የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ዳነ፣ ግን ጠመመ። ሐኪሙ ከዚያ ጀምሮ በከዘራ እያነከሰ ኖረ። «ይህች ቅልጥም የምስክር ወረቀትህ ናት» እያለ በጂራታ ይቀልድ ነበር።

የሺሀረግ ዓይኗን አልገለጠችም። ፈራች፤ ብትገልጥ የምታየው አጥንት ብቻ እንዳይሆን።

ልጅ ሆና አባቷን ጠይቃው ነበር። «አባዬ፣ ዘራፊዎቹ ሁሉን ሲወስዱ እንግዳውን ለምን ተዉት?» ባሻ ጂራታ ማንኪያውን አስቀምጦ ከማዕድ ተነሣ። አልተዉትም ነበር ለካ። ያ ከባሕር ማዶ የመጣው አጽም ያኔውኑ ጠፍቷል። ሐኪሙም ባቡር አልተሳፈረም፤ በዚያው ዘረፋ ሞቷል። ከጓሮው ጽድ ሥርም አንድ የሰመጠ ቦታ ነበረ፤ አባቷ ምንም ነገር እንዳይተከልበት የሚከለክል። አገሩ ሰላም ሲሆን፣ ሰው ሁሉ የሙታኑን አጥንት አፍልሶ እንደሚያሳርፍ፣ እሱም ቆፍሮ አወጣ። የመለሰው ግን ወደ መንጠቆው ነው። ወደ ክፍሉ፣ ወደ ማስተማሪያው።

አጥንት እስክሆን ድረስ አስተምርሃለሁ።

«እዚሁ ነበሩ እንዴ?» አለች የሺሀረግ።

እስካቫተሩ ድንገት ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ ከዘራው በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ተንከባሎም እግሯ ሥር ደርሶ ቆመ። እሷም የታመመ ሰው ላይ እንደምታደርገው እጇን ከስብራቱ ላይ ሳታነሣ «ሩሂ፣ ሩሂ» አለች። ማንን እንደምታረጋጋ ራሷም አላወቀችም።

ዋቅሹማ በመጨረሻ ፍርሃቱን ውጦ ሲገባ አክስቱ ሣጥኑን ዘግታ ላዩ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ረጥቧል። እንዲህ አይቷት አያውቅም፤ ያየ እንዳይመስል ሣጥኑን ብቻ አየ።

«ስሙን አገኘሁት» አለችው። «በዚያኛው ጫፍ ያዝ። ቀስ። ሐኪም ናቸው የያዝካቸው።»

በሚኒባሱ ውስጥ ሣጥኑ መሐል ላይ ተቀመጠ፤ ከዘራው ላዩ ላይ። ዋቅሹማ እንደ ልማዱ ሙዚቃ ሊከፍት እጁን ዘረጋና አክስቱን በመስተዋት አይቶ መለሰው። ከኋላቸው የባሻ ጂራታ ቤት ወደቀ። የሺሀረግ አልዞረችም። አቧራው ግን በመስኮት ገብቶ ምላሷ ላይ ተቀመጠ፤ የልጅነቷ ቤት ጣዕሙ ጭቃ ብቻ ነበር።

ቄስ በድሉ የባሻ ጂራታ አጥንት ያረፈበት ፉካ አጠገብ ጠበቋቸው።

«ስም?»

«ቬንዜል።»

«ይህ የክርስትና ስም ነው?»

«በአገራቸው የምን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ሲጠሩ አቤት ይሉ ነበር።»

«ዘመድ?»

«እኔ።»

ቄሱ ተመለከቷት። «እማማ የሺሀረግ፣ እርስዎና ፈረንጅ?»

«አባቴን በሕይወት እያሉ አስተማሩ፤ እኔን ከሞቱ በኋላ አስተማሩ። ከእኔ የቀረበ ዘመድ ካለ ከኦስትሪያ ይምጣና ይውሰዳቸው። ስንት ዓመት ስሰድባቸው በላዬ ተሰቅለው ሲሰሙኝ ኖሩ፤ ዛሬ ደግሞ በቆሻሻ መኪና ልስደዳቸው?»

ቄስ በድሉ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። «በእኛ ያልተጠመቀን መፍታት አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አባትዎን ዛሬም ላስባቸው እችላለሁ። ፉካቸው ይከፈታል፣ ጸሎት ይደረሳል። አጠገባቸው የተኛ ካለ ይስማ፤ ጆሮ አልደፍንም።»

የፉካው ድንጋይ ተነሣ። ከባሻ ጂራታ ሣጥን አጠገብ ቦታ ነበረ፤ የሺሀረግ ለራሷ ያሰበችው ቦታ። አጥንቱን ከሣጥን አውጥታ፣ ሽቦውን እየፈታች አንድ በአንድ በነጭ አቡጀዴ ላይ ራሷ አስተኛችው፤ እጇ በለመደው ተራ። ቀኝ እግሩን። ከግራው ጭኑን፣ ጉልበቱን፣ የእግሩን ጣቶች። ከዘራውን በጎኑ። የግራውን ቅልጥም ስታነሣ እጇ እንደገና ያንን ጠማማ ቦታ አገኘው።

ቤቱ ሄዷል። ክፍሉ፣ መንጠቆው፣ ጽዱ፣ ሁሉም ሄዷል። የአባቷ ዕድሜ ልክ ሥራ በሌሎች ሰዎች ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ አፈር ሆኗል። ከባሻ ጂራታ እጅ በዚህ ዓለም የቀረው ይህ ብቻ ነው። አጥንት ላይ ጽሕፈት የለም ትል የነበረችው እሷ፣ አባቷ የጻፈውን በጣቷ ደግማ አነበበችው።

ፍለጋ ይነሣል፣ ብሏት ነበር።

ቄሱ ጸሎት ለመጀመር ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ ያቺ ቅልጥም የየሺሀረግ ነጠላ ውስጥ ገባች።

«ሁሉም ገባ?» አሉ ቄስ በድሉ፣ ጸሎቱ ሲያበቃ።

«የእሳቸው ሁሉ ገብቷል» አለች የሺሀረግ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ሲሚንቶው ተለሰነ።

ዋቅሹማ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሲያወርዳት ለዓይን መያዝ ጀምሯል። መብራት ጠፍቶ ደረጃው ጨለማ ነው። «ላድርስሽ?» አላት፤ «ሂድና ሥራህን ሥራ» አለችው። ግድግዳውን እየዳሰሰች መውጣት ጀመረች። በነጠላዋ ሥር ያቺ ቅልጥም ክንዷ ላይ ተጋድማለች፤ ሞቃለች፣ ከገላዋ ሙቀት ይሁን ከሌላ።

አንደኛው ፎቅ ላይ ሰማችው።

ከታች፣ ከደረጃው መጀመሪያ። አንድ እግር ረገጠ። አንድ እግር ተጎተተ። ከዚያ ከዘራ።

ቆመች፤ ቆመ። ከዘራውን በገዛ እጇ ሲሚንቶ ውስጥ አስገብታዋለች። አንድ ደረጃ ወጣች፤ አንድ ደረጃ ወጣ። እንዲህ እያሉ ሦስተኛ ፎቅ ደረሱ። ከኋላዋ ያለው ትንፋሽ የለውም፤ ድካሙ ግን ይሰማል፣ የሚያነክስ ሰው ድካም። አንገቷ ላይ ብርድ ወረደ። እጇ ግን ያቺን ቅልጥም አለቀቀም። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ስታ በአራተኛው አስገባችው።

ሳትዞር ተናገረች።

«ይግቡ። ቤት አለኝ፣ አልጋም አለ፣ እንደ ፊቱ አንቱ እንባባላለን። እሷን ግን አልሰጥዎትም። የአባቴ ናት።»

የሺሀረግ ገባች፤ በሩንም ክፍት አድርጋ ተወችው።